ዳፍንታሟ ሞተር

ሞተሯን ስረከብ መብራቷን ያየላት ሰው አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበረው የእንስሳት ሐኪም ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ሄዷል፤ እኔ ፈረምኩ፤ አለቀ። መመለሱ ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም።

አገሬ ሐረርጌ ነው። ከጎንደር በስተሰሜን፣ ደጋው ላይ ወዳለች አንዲት የወረዳ ከተማ ስመደብ «ለአንድ ዓመት ብቻ ነው» ተብዬ ነበር። ዓመቱ ግን ሌላ ዓመት እየወለደ ኖረ። እናቴ በስልክ ስታገኘኝ መምጫዬን በቀን አትጠይቀኝም፤ በጾም ነው የምትጠይቀኝ። «ለፍልሰታ ትደርሺልኛለሽ?» ትላለች። ፍልሰታ ሲፈታ «እንግዲህ ለጽጌ» ትላለች። ቅር ማለቷ እንኳ አይሰማባትም፤ ጾም መቼ አልቆብን ያውቃል?

በመጨረሻ አንድ መስከረም ዝውውሬ ተፈቀደ። እናቴ ሰፈር አጠገብ ቦታ ተገኝቶ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይጠብቀኛል ተባለ። የቀረኝ በእጄ ያለውን የመንግሥት ንብረት ማስረከብ ነበር። የክትባት ሳጥኑን ያለ ነገር ተቀበሉኝ። ሞተሯ ጋ ስንደርስ የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ፣ ሁላችንም አያ እያልን የምንጠራቸው፣ መነጽራቸውን አወጡ።

«አብሪያት እስቲ።»

አበራሁ። የምታልቅ ጧፍ ያህል ታየችና ጠፋች።

«ክላክሷስ?»

ክላክሷ እንደታመመ ጠቦት አንዴ «ባ» ብላ ዝም አለች።

«ልጄ፣ ይቺ ሞተር በሽተኛ ናት። አልቀበልም።»

«አያ፣ ስረከባትም እንዲሁ ነበረች። ደግሞ ትሄዳለች እኮ! ትናንት እንኳ ገጠር ደርሼባት መጣሁ።»

«መሄዷን ማን ጠየቀሽ? ‹በሙሉ ጤንነት› ነው የሚለው መመሪያው።»

እውነቱን ለመናገር ሞተሯ በእግር ተረግጣ ትነሳለች፤ ለመሄድ ባትሪ አትለምንም። እኔም ጥንቁቅ ሴት ስለሆንኩ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ እገባለሁ፤ መብራት ኖራት አልኖራት ጉዳዬ አልነበረም። ገበሬዎቹ ግን ያውቁባት ነበር። አንድ ጊዜ በሬያቸውን ላክም የሄድኩባቸው አዛውንት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መቻኮሌን አይተው ሳቁብኝ።

«ዳፍንት ነው ያለባት በይኛ! ጉበት አታበያትም? ሐኪም ነኝ ትያለሽ።»

ጉበት ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። አዘዞ ወረድኩ፤ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ፈቅ ብሎ ጋራዥ ያለው አንድ መካኒክ አለ ተባልኩ። ሰውዬው ከእጁ ይልቅ አፉ ይሠራል።

«እህቴ፣ እኔ ሞተር ፈትቼ አይደለም በሽታውን የማውቅ፤ ድምፁን ሰምቼ ነው።»

ሰማና ባትሪው ነው አለ። ባትሪ ተቀየረ፤ መብራቱ ቦግ አለ፤ ደስ ብሎኝ ደጋውን ወጣሁ። በማግስቱ ጧፏ ተመለሰች። ድጋሚ ወረድኩ፤ ድጋሚ ሰማ። ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጥቅል ሽቦ ከውስጥ አለ፤ ያመነጨው በሦስት ቢጫ ገመዶች ወጥቶ፣ ሬክቲፋየር በሚሉት ቁራጭ ብረት አልፎ ነው ባትሪውን የሚሞላው ብሎ አስረዳኝ። ሦስት ገመድ፣ አንድ ኃይል ሲለኝ ሐሳቤ ወደ ሌላ ሊሄድ ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ መሆኔን አስታውሼ ገሠጽኩት። ሬክቲፋየሩ ተቀየረ። ዳገቱ ላይ ዝናብ መታኝ፤ ቤቴ ሳልደርስ መብራቷ ሄደ።

«ምነው፣ ጭነሽ ነው እንዴ የወጣሽው?» አለኝ ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ።

«ከራሴ በቀር የጫንኩት የለም።»

«እንግዲያ ጥቅሉ ተቃጥሏል። ከአዲስ አበባ ነው የሚታዘዝ፤ አንድ ወር ቢፈጅ ነው።»

ወር ማለት የእናቴ ሰፈር ቦታ ሄደ ማለት ነው። ዘይት በጠጣ አግዳሚ ላይ ነጠላዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩና በሆዴ ተሳልኩ። ስለት ብድር ነው፤ አፍ እንዳመጣ አይባልም ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ። ስለዚህ ቃሌን መዘንኩ። አገሬ አግቢኝ ብል በዛብኝ፤ ሕመምተኛው፣ መካኑ፣ እስረኛው በሚለምንበት ደጅ የደረጃ ዕድገትና ዝውውር ይዞ መሄድ ድፍረት መሰለኝ። «ቁስቋም ማርያም፣ የዚችን ሞተር መብራት ብቻ አብሪልኝ፤ በበዓልሽ ባለ ዘርፍ ጥላ አገባለሁ» አልኩ። ትንሹን ለእመቤታችን፣ ትልቁን ለመሥሪያ ቤቱ ተውኩት።

ከዚያ ተነሳሁ። ሥራ ስፈታ ጥልፍ እጠልፋለሁ፤ ክር ሲተበተብ ደግሞ አዲስ ክር አይገዛም፣ ከጫፉ ይዘው ይከተሉታል።

«ከመታዘዙ በፊት ገመዱን እንከተለው» አልኩት።

«ገመዱ ደህና ነው፤ አይቼዋለሁ።»

«የት አየኸው? መቀመጫው ሥር ነው ያለው፤ መቀመጫውን መቼ አነሳህና?»

«እህቴ፣ እኔ ለላም መርፌ ውጊ ብዬሻለሁ?»

ቢሆንም ብሎኑን ፈታው፤ ከአፌ ለመገላገል ይመስለኛል። ቢጫዎቹን ገመዶች ከሞተሩ ጀምረን በጣት በጣት ይዘን ወጣን። መቀመጫው ሥር ደረስን። ገመዶቹ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልለዋል። ቁስል የሚታሸግበት፣ የእኛው መሥሪያ ቤት ፕላስተር! ከእኔ በፊት የነበረው ሐኪም በእጁ ባለው መድኃኒት አክሟት ሄዷል። ፕላስተሩ ዝናብ በመጣ ቁጥር እንደ ጥጥ ሲጠጣ ኖሮ፣ ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዝጓል። አንደኛው ገመድ በአንዲት ፀጉር ተንጠልጥሏል፤ ሌላው ተልጦ ብረቱን ይልሳል።

መካኒኩ የበሰበሰውን ቆረጠ፣ በየደ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለለ። ሞተሯ ተነሳች። መብራቱ ከፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ነጭ አደረገው።

«አላልኩሽም?» አለኝ እጁን እየጠረገ። «ከመጀመሪያው ገመድ ነው ብዬሻለሁ።»

ምስጋናውን ለማን እንደምሰጥ እኔ አላጣሁም፤ እሱ ግን ድርሻውን ሳልሰጠው ወሰደ።

ለርክክብ በሄድኩበት ጠዋት ክላክሷን ስነካው ግቢው አጥር ሥር የታሰሩት አህዮች ገመድ ሊበጥሱ ደረሱ። አያ በደስታ ጨበጨቡ።

«ሸጋ! ሸጋ ናት! ኑ እዩልኝ፣ ኑ!»

ኃላፊያችን ድምፁን ሰምቶ ከቢሮው ወጣ። ትሁት ሰው ነው፤ እምቢ ሲል እንኳ ያመሰግናል። ሞተሯን አስነሳ፣ አጠፋ፣ ደግሞ አስነሳ። ከዚያ ዶክተር አለኝ፤ ዶክተር እንዳልሆንኩ ያውቃል።

«ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የሩቆቹን ቀበሌዎች የተውናቸው ሞተሯ ማምሸት ስለማትችል ነበር። አሁን ዳነች። ታዲያ ካንቺ በቀር ማን ይነዳታል? ምትክ እስኪገኝ ትንሽ ብቻ ታገሺን።»

«ሞተሯ ስላልሠራች አትሄጂም ብላችሁኝ ነበር።»

«ልክ ነው።»

«አሁን ደግሞ ስለሠራች አትሄጂም?»

«ኧረ እሱን እንደዚያ አትበይው» አለ፣ በእውነት አዝኖ።

አያ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ብዙ ጠረጉት። «ምነው ባልጮህኩ ኖሮ» አሉ ቀስ ብለው።

ትንሽ የተባለው ጊዜ ጥቅምትን በላው። ወደ አገሬ መሥሪያ ቤት ስደውል አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ ቦታው ሰው እንደገባበት ነገረችኝ። እናቴም ሰማች። «እንግዲህ ለነቢያት» አለች። ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ዝምታ ተከተለ፤ ከዚያ «ብርዱ እንዴት ነው?» አለችኝ።

ስለት ግን ስለት ነው፤ የጠየቅሁት ተሰጥቶኛል። በበዓሏ፣ ኅዳር ስድስት፣ ጥላውን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ አስሬ ጎንደር ቁስቋም ወረድኩ። ከቀሚሴ ሥር ያለውን ሱሪ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጀርባ አውልቄ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁ። ጥላውን ሳስረክብ አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ዘርፉን በጣታቸው እየዳሰሱ ጠየቁኝ።

«ምን አድርጋልሽ ነው፣ ልጄ?»

«የሞተር ሳይክል መብራት አብርታልኝ።»

«እሺ፣ ሌላስ?»

«እሱን ብቻ ነው የለመንኳት።»

ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። «እዚህ ድረስ መጥተሽ አምፖል? ምነው ልጄ?»

«ላላስቸግራት ብዬ ነው፣ እናቴ።»

«እሷ ተቸገርኩ አለችሽ?»

ሕዝቡ እየሳሳ እስኪሄድ ድረስ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ያን ቀን ቃል አልመዘንኩም፤ ሐረርጌንም፣ እናቴንም፣ ያንን ዝምታዋንም እንደመጣልኝ ተናገርኩ፤ ጥላም አልጠራሁ፣ ሻማም አልጠራሁ።

ስወጣ ሞተሯ በአንድ እርግጫ ተነሳች። ቁልቁለቱን እንደጀመርኩ ከፊቴ የመጣ ባጃጅ ነጂ ጣቶቹን እየከፈተ እየዘጋ ምልክት አሳየኝ፤ በጠራራ ፀሐይ መብራት በርቶብኛል ማለቱ ነው። ቀጥሎ የመጣውም እንዲሁ። ፒያሳ ላይ አንዱ ጭራሽ አንገቱን አውጥቶ ጮኸብኝ።

«እህት፣ መብራትሽ! ባትሪ ትጨርሺያለሽ!»

«ይሞላል!» አልኩትና እንደበራ ወደ ደጋው ይዣት ወጣሁ።