የአሕመድኑር ላንድሮቨርና የፈርሂያ ዶልፊን

የመካነ ሰላም ሰው አሕመድኑርን ያለ ላንድሮቨሩ አያውቀውም። ከላላ ከተማ ድረስ ገበያተኛ ሲያመላልስ የሸበተባት፣ በጃንሆይ ዘመን የመጣች ሸራ ለባሽ መኪና ናት። በሯ በገመድ ይታሰራል፤ ዳገት ላይ ደግሞ አቅም ያንሳታል። ስለዚህ ተሳፋሪው ዳገት ሥር ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ወርዶ ይገፋል። አሕመድኑር አይቆምም፤ ከቆመ ሞተሩ ይጠፋል። የዳገቱ አናት ላይ ቀስ ሲልለት የገፋው ሁሉ ሮጦ ይሰቀላል።

ልጁ ፈርሂያ ከጅዳ ስትመለስ ዶልፊን ሚኒባስ ገዛችለት። ያገለገለች ብትሆንም ከላንድሮቨሯ ጋር ስትተያይ ገና ልጅ ናት። ወንበሯ እንደ ፍራሽ ይመቻል፣ በሯ በጣት ይንሸራተታል፣ ቴፗ መንዙማ ያንቆረቁራል። ፈርሂያ አሮጊቷን ለአንድ የደጎሎ ሰው እንሽጣት ስትል አባቷ እሺ አላት። በሰው አገር ደክማ ያመጣችለትን እንዴት ቅር ያሰኛት? ሆዱ ግን ባባ። ላንድሮቨሯ ከሄደች ሹፌርነቱም አብሯት የሚሄድ መሰለው።

ገዢው ሳይመጣ የጎረቤታቸው የሀጀራ ወንድ ልጅ ሠርግ ደረሰ። ሙሽሪት ያለችው ከላላ ነው። አሕመድኑር ሙሽራውንና ሚዜዎቹን በዶልፊኗ ጫነ፤ መንዳት ራሱ ያስተማራት ፈርሂያ የሙሽሪትን የልብስ ሳጥን በላንድሮቨሯ ይዛ ተከተለች።

ከላላ መዳረሻ ያለው ዳገት ሥር ዝናብ ጣለ። አሕመድኑር በልማዱ ማርሽ ቀነሰ። ሚዜዎቹም በልማዳቸው ዘለው ወረዱ፤ ሙሽራው ሱሪውን ሰብስቦ ተከተላቸው። እጃቸውን ሳያሳርፉባት ዶልፊኗ ዳገቱን ላጥ አለች። አሕመድኑር አናቱ ላይ ጥቂት ቀስ አለና፣ ሁሉም የተሳፈሩ መስሎት መንዙማውን ከፍ አድርጎ ነጎደ።

የሙሽሪት ጓደኞች ሠርገኛ አናስገባም ሊሉ ደጁን ዘግተው ተደርድረዋል። ከመኪናዋ አሕመድኑር ብቻውን ወረደ። የሙሽሪት አባት ሙሽራው የታለ ሲሉት ዞሮ ባዶውን ወንበር አየ። «ያ ረቢ!» አለ። ልጃገረዶቹ የሚከለክሉት ሰው ቢያጡ በሳቅ ፈረሱ።

ቆይቶ ላንድሮቨሯ እያጓራች ደረሰች። ሙሽራው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ሚዜዎቹ ዙሪያዋን ተንጠልጥለዋል። ዳገቱን ገፍተው ነው ያወጧት።

ፈርሂያ አባቷን ፈንጠር አድርጋ ወሰደችው።

«አባባ፣ ያን የደጎሎ ሰውዬ ላንድሮቨሯ ትቅርብህ እለዋለሁ። እርስዎ የሚጥሉትን ሰው በምን እለቅማለሁ?»

አሕመድኑር ሊስቅ ነበር፤ እንባው ቀደመው።