ለናስር ያልሆነው መቅኔ

ባለፈው ሳምንት ማንጎ እየላጥሁ ሳለ ስልክ ተደወለልኝ። በማንጎ ወቅት የአሶሳ መንገድ ሁሉ ይጣፍጣል፤ የበሰለው ከዛፉ እየወደቀ ይፈርጣል፣ ዝንብና ልጆች ይሻሙበታል። የደወለችው ሴት ስሜን አረጋገጠችና፣ "ያኔ የሰጡት የመቅኔ ልገሳ ናሙና ከአንድ ታማሚ ጋር የሚገጥም ይመስላል። ለተጨማሪ ምርመራ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ይችላሉ?" አለችኝ። የማንጎው ውኃ በክንዴ ላይ ይወርዳል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን ቅናት ነው። ስሙን እንኳ በማላውቀው በዚያ ሰው ቀናሁ።

ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ናስር መመለስ አለብኝ።

ናስር ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበር ማለት እስካሁን ይከብደኛል። ያደግነው አሶሳ አጠገብ፣ ሆሞሻ ነው። በእኛ በበርታዎች ዘንድ ማሽላ ከተሰበሰበ በኋላ የሚነፋ የቅል ጡሩምባ አለ። አንዱ ጡሩምባ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማ የሚወጣው ነፊዎቹ ተሰልፈው እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በቦታው ሲጥል ነው። ናስር የትንሿ ጡሩምባ ነፊ ነበር። ልጃገረዶቹ የሚያዩት እሱን ነው። እናታችንም ከቤት ወጥታ ስትጣራ መጀመሪያ የምትጠራው የእሱን ስም ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ አጨበጭባለሁ፤ እቀናበታለሁም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት ታመመ። መጀመሪያ ወባ ነው አልን፤ በእኛ አገር ሁሉም በሽታ መጀመሪያ ወባ ነው። ከዚያ አፍንጫው እየደማ አልቆም አለ። ክንዱ ሳይመታ ይበልዝ ጀመር። ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ ተላክን። ሐኪሙ መቅኔው ደም መሥራት አቁሟል አሉ። የሚያድነው የሌላ ሰው መቅኔ ነው። ለሕክምናው ውጭ አገር መሄድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ግን መቅኔው የሚገጥም ሰው መገኘት አለበት።

"ወንድም አለህ?" ብለው ጠየቁት።

"አለኝ። ይኸው እንደ ግንድ ተገትሯል" አለ ናስር፣ በአገጩ ወደ እኔ እያሳየ።

ሰው ሁሉ መንታ ትመስላላችሁ ይለን ስለነበር እንደምገጥም አልተጠራጠርኩም። ደሜ ሲቀዳ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ከእንግዲህ እናቴ ስትጣራ የእኔን ስም ታስቀድማለች ብዬ አሰብኩ። ውጤቱ ሲመጣ አልገጠምኩም።

"ድሮስ ኳስ አቀብለኸኝ ታውቃለህ?" አለኝ ናስር። አብረን ሳቅን። ከዚያ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ ደሳለኝ የሚባል ልጅ ተኝቶ ነበር። በሽታቸው አንድ ነው። ለእሱ እህቱ ሰብለ ገጠመችለት። ያን ዕለት ትልቅ ዳቦ አምጥታ ለክፍሉ ሰው ሁሉ ቆረሰች። ናስር በላ፤ መረቃትም። እኔ ቁራሹን እንደያዝኩ ቀረሁ። የማየው ክንዷን ነበር። ቀጭን ክንድ ነው። ከእኔ ክንድ በምን በለጠ?

"ብላ እንጂ፤ ዳቦው ምን አደረገህ?" አለኝ ናስር።

ሐኪሙ በኋላ አስጠርተው አስረዱኝ። ከወንድምና ከእህት ካልተገኘ የሚፈለገው ከተመዘገቡ ፈቃደኞች መካከል ነው። የሚገጥም ሰው የመገኘት ዕድሉ ደግሞ በአንድ ሐረግ በሚወለዱ ሰዎች መካከል ይበልጣል። "ከእናንተ ወገን ግን የተመዘገበ ሰው የለም ማለት ይቻላል" አሉኝ። ያኔ ቅናቴ ከደሳለኝ አለፈ። ብዙ ሰው ባስመዘገበ ሕዝብ ሁሉ ቀናሁ።

ናሙና የምትሰበስብ ነርስ ወደ እኛ ዘንድ እንድትላክ ለመንኩ። የማሽላው አጨዳ አልቆ ጡሩምባዎቹ ከተሰቀሉበት የሚወርዱበት ቀን ደርሶ ነበር። ወጣቱ ሁሉ አንድ ቦታ የሚገኘው ያን ቀን ነው። ሲስተር ዘውዲቱን ይዤ ሆሞሻ ገባሁ። ባምባሲ ያደገች፣ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ሰዎች ልጅ ናት።

የነፊዎቹ አለቃ አጎታችን ዓም ረጀብ ናቸው። አማርኛ የለመዱት በሽምግልናቸው ነው። ንግግሯን ሳትጨርስ አቋረጧት።

"አንተ ልጅቷ፣ አጥንት ይሰብራል፣ መቅኔ ይወስዳል? ከዚያ ሰውየው እንዴት ያርሳል? እንዴት ይወልዳል?"

"ኧረ አብሽሩ አባቴ! አጥንት የሚሰብር የለም። ዛሬ ይቺን ጉንጭ ውስጥ ማሸት ብቻ ነው" አለች፣ ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበትን ስንጥር እያሳየች። "የሚገጥም ከተገኘ ደግሞ ወይ ከክንዱ ደም ሥር፣ ወይ ተኝቶ ሳይሰማው ከዳሌው ይወሰዳል። ሰውነቱ መልሶ ይተካዋል።"

"ጥርስ መፋቂያ ነው በሉኛ!" አለ አንዱ። ሳቅ ሆነ፤ ግን ማንም አልተነሳም።

መንፋት ጀመሩ። የናስር ጡሩምባ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ዜማው ዞሮ እሱ ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥር ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ይጎድላል። አዲስ አበባ ሆስፒታል ለቀረው ለናስር ደወልኩና ስልኩን ወደ ነፊዎቹ ዘረጋሁት። ሲጨርሱ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሁሉም እንዲሰማው አደረግሁ።

"ሰማሁት" አለ፤ ድምፁ ደክሟል። "እኔ የሌለሁበትን ሰማሁት።"

እኔ ንግግር አላውቅም፤ እየተንተባተብኩ በቋንቋችን እንዲህ አልኳቸው፦ "ዓም ረጀብ፣ የአንዱን ድምፅ ሌላው አይሞላውም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ሐኪሙም የሚሉት ይህንኑ ነው። ለናስር የሚሆነው ሰው እዚህ ተቀምጦ ይሆናል። ካልሞከርን በምን እናውቃለን?"

ዓም ረጀብ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ሲስተር ዘውዲቱ ፊት ሄደው አፋቸውን ከፈቱ።

"አባቴ፣ የእርስዎ ዕድሜ አልፏል። የሚፈለገው ወጣት ነው" አለች፣ እያፈረች።

"ምን አለፈ? ጉንጭ አለ! ጥርስም አለ! ወላሂ አለ!"

ምንም ቢሉ አልሆነም። ከሰልፉ ጎን ቆመው አፉን የሚከፍተውን ወጣት ሁሉ በቅናት እያዩ፣ "ክፈት! ሰፋ አድርግ!" እያሉ ሲቆጡ ዋሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ተሰልፌ ተመዘገብኩ።

ለናስር የሚሆን አልተገኘም። ክረምት ሲገባ፣ ጡሩምባዎቹ ተመልሰው ከተሰቀሉ በኋላ ሞተ። ደሳለኝ ድኖ ተመለሰ። በየበዓሉ ይደውልልኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜ አላነሳሁለትም።

ይኸው ከዓመታት በኋላ፣ ለናስር ያልሆነው መቅኔ ለሌላ ሰው ሳይገጥም አይቀርም ተባልኩ። ሐኪሙ እንዳሉት ከሆነ ሰውየው ከእኛው ወገን ይሆናል፤ ምናልባትም ከዚሁ ከአሶሳ መንገድ ማዶ። ትናንት ሆሞሻ ሄጄ ለዓም ረጀብ ነገርኳቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል።

"አንተን መረጡ?" አሉ።

"አዎ።"

"እኔን እኮ አልፈለጉኝም።" ትከሻዬን በዳበሳ አገኙት። "ሂድ" አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ለሴትዮዋ መልሼ ደውዬ እመጣለሁ አልኳት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፦ ሰውየው ወንድም አለው? እንዲህ ያለው አይነገርም አለችኝ። እኔ ግን አለው ብዬ ይዣለሁ። ያ ወንድም ደሙ ሳይገጥም ቀርቶ የሆነ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ሰው ተገኘ ብለው ይጠሩታል፤ እየሮጠ ይገባል። በዚያ ልጅ ዛሬም እቀናለሁ። እኔን ማንም እንዲያ ብሎ አልጠራኝም።

እሱን ይጥሩት።