የጠፋች ላም

ድምፅ ማጉያ ስሰማ አሁንም ጀርባዬን ይደክመኛል።

ስድስተኛ ክፍል ስለጨረስኩና አማርኛም አሪኛም ስለምችል፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር በጂንካ የቅዳሜ ገበያ ማስታወቂያ ተናጋሪ አደረገኝ። ሰው ፊት ቀና ብዬ ማውራት የማልችል ነኝ። የእጅ ድምፅ ማጉያው ግን ግማሽ ፊቴን ይሸፍንልኝ ስለነበር በእሱ ተከልዬ እናገራለሁ።

እናቴ እዚያው ገበያ ጎደሬ ትሸጣለች። መዋጮና ስብሰባ የሰለቸው ሰው እኔ ስነሳ ይበተናል። ያልተሸጠውን ጎደሬ ተሸክመን ዳገቱን የምንወጣው እኔና እሷ ነን።

«ልጅሽ አፏን ስትከፍት ገበያው ይዘጋል» እያሉ አጠገቧ የሚሸጡት ሴቶች ያሾፉባታል።

አንድ ቀን እናቴ፣ «መጀመሪያ የጠፋ ከብት ተናገሪ። ለከብት የማይቆም የለም» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ከብት የጠፋበት ሁሉ ጠዋት እየመጣ ይነግረኝ ጀመር። ቀለሙንና የጆሮውን ምልክት በአሪኛ ስናገር ሰው ይሰበሰባል፤ የቀበሌውን ወረቀት መጨረሻ ላይ ቶሎ ብዬ አነበዋለሁ። የአንዲት ሴት በሬ እንዲያውም በዚያው ተገኘ። እናቴም ባዶ ከረጢቷን አጣጥፋ መመለስ ለመደች።

ሊቀመንበሩ ይህን አይቷል። አንድ ቅዳሜ ራሱ ወረቀት ሰጠኝ።

«ቀይ ላም፣ ግንባሯ ነጭ። ረጋ ብለሽ፣ ደጋግመሽ ተናገሪ» አለኝ።

«የማን ናት?»

«ምን አገባሽ?»

ለሦስተኛ ጊዜ ስናገር ሚሊሻዎች ገበያውን ከበውት ነበር። የላሟን ነገር ሊሰሙ የቆሙትን ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና ለቅመው መኪና ላይ ጫኗቸው። ከተጫኑት አንዱ ከላይ ሆኖ፣ «እህቴ፣ ላሟ ተገኘች?» ብሎ ጮኸብኝ።

ከዚያ በኋላ የእናቴን ጎደሬ ዋጋ የሚጠይቅ ጠፋ። ከሥራው እንዲያሰናብተኝ ሊቀመንበሩን ለመንኩት። «ጓዲት፣ ሥራሽን ቀጥዪ» አለኝ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ሽማግሌ መጡ።

«ልጄ፣ ላሜ ጠፋችብኝ» አሉኝ። ጠጋ ብለው ደግሞ፣ «የእውነት ላም ናት» አሉ።

አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን አነሳሁ። «ጥቁር ላም» ከማለቴ ገበያው ብትንትኑ ወጣ። ሽማግሌው ብቻቸውን መሃል ላይ ቆመው ቀሩ።

እናቴን በዓይኔ ፈለግኳት። ጎደሬዋን ወደ ከረጢቱ እየመለሰች ነው። ሄጄ አፉን ያዝኩላት።