አምስት የበቆሎ ፍሬ

የልጅ ልጄ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስታጠና፣ «ከአምስት ሰዎች ሁለት ሰው በስንት መንገድ ይመረጣል?» ብላ ጮክ ብላ አነበበች። የምፈለፍለውን በቆሎ አስቀመጥኩት።

በደርግ ጊዜ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ወንድሜ ሰይድ ለማትሪክ ሲያጠና ይህንኑ አሳይቶኛል። ቀበሌው ከሰፈራችን አምስት ወጣቶች ሁለቱን በዕጣ ለውትድርና ሊልክ ነበር። ሰይድ ሰሌኑ ላይ አምስት የበቆሎ ፍሬ ደርድሮ በስማቸው ጠራቸው፤ አንዱ እሱ ራሱ፣ አንዱ የአጎታችን ልጅ ነበር። ሁለት ሁለት እያነሳን ቆጠርን፤ አስር ሆነ።

«እኔ ያለሁበት አራቱ ብቻ ነው። በስድስቱ እዚሁ ሆኜ አናድድሻለሁ» ብሎ ሳቀብኝ።

ወዲያው የቀበሌው ሊቀመንበር፣ አጎታችን፣ ገባ። «ዕጣው ወጥቷል። ለሰይድ ደርሶታል።»

«ማን ባየው ዕጣ? ያንተ ልጅስ?» አለች እናቴ።

«የእኔ ልጅ እኮ ዓይኑን ያመዋል፣ እትዬ።»

እናቴ ፍሬዎቹን ለቅማ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረቻቸው፤ የሰይድ እጅ የነካቸው ስለሆኑ መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው። ዓይኑን ያመዋል የተባለው ልጅ በማግስቱ ማሽላው ላይ ያረፈ ወፍ በወንጭፍ ሲጥል አየሁት። ሰይድ አልተመለሰም። አጎቴ ሲሞት ለቅሶ አልደረስኩም፤ ዛሬም አይቆጨኝም።

«አስር ነው አይደል፣ እማማ?» አለችኝ ልጅቷ።

«አስር ነው» አልኳት። አጎቴ ዘንድ ግን መንገዱ አንድ ብቻ ነበር።