ሦስት ሰከንድ በወለቃ መንገድ

ጎንደር አራዳ፣ ከጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች በአንዱ ሥር፣ አለነ ፊልም የሚያከራይባት ጠባብ ቤት አለች። ማከራየቱ እንኳ ከቀረ ቆይቷል፤ የዛሬ ወጣት ፊልሙን የሚያየው ከስልኩ ነው። አለነ ግን ዛሬም ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ይከፍታል፤ ስምንት መቶ የሚሆኑ ዲቪዲዎቹን በጨርቅ ይወለውላል፤ ለመጣ ሁሉ ዘፈንና መዝሙር ስልኩ ላይ እየጫነ ይውላል። አሮጌ ፊልም የሚወዱ አምስት ስድስት ደንበኞች አልከዱትም።

ከእነሱ አንዱ ምንይችል ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ከአለነ ጋር ይከራከራል። ክርክራቸው ሁልጊዜም ያው ነበር። ምንይችል፣ የድሮ ምርጥ ፊልሞችን በዲቪዲ ማየት ሰውን በጭጋግ ውስጥ እንደ ማየት ነው ይላል። ብሉሬይ የሚባል፣ ምስሉን አጥርቶ የሚያሳይ ዲስክ ከመጣ ስንት ዘመኑ፤ የድሮዎቹም በእሱ እየታተሙ ነው፤ ቀስ እያልክ ብትለውጣቸው ምናለ ይለዋል። ለአለነ አይዋጥለትም። ፊልም ማለት ታሪኩ ነው ባይ ነው።

"ሰውዬው ሚስቱን ሲቀብር በዲቪዲ አይቼ አልቅሻለሁ" ይላል። "እንባው ስለጠራልኝ ሁለት ጊዜ አላለቅስ።"

ይህን ሲል ግን ዓይኑ ከጠረጴዛው በላይ ወደተሰቀለችው ፎቶ ይሄዳል። ፎቶዋ ከፊልም ላይ ተወስዳ የተተለቀች ናት። አንዲት ሴት እንስራ ታቅፋ መንገድ ዳር ቆማለች። ፊቷ ውሃ እንደነካው ቀለም የተበተነ ነው፤ ዓይንና አፍ የሚመስል ጥላ ብቻ ይታያል። እናቱ ናት። ሌላ ፎቶ የላትም።

እናቱ የሞተችው እሱ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሸዋአየሁ ናት፤ ያኔ እሷም ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከጎንደር ወጣ ባለችው ትክል ድንጋይ ሲያድጉ ስለ እናታቸው ብዙ ነግራዋለች፤ ግንባሯ ላይ ስለነበረው የመስቀል ንቅሳት፣ ስለ አረማመዷ፣ ስለ ቁጣዋ። እሱ ከሁሉም አጥብቆ የያዘው አንዱን ነበር። በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ፈረንጆች የሲራራ ነጋዴ ታሪክ ፊልም ሊያነሡ ጎንደር መጥተው ነበር። እናታቸው እንስራ ልትገዛ ወለቃ በሄደችበት ቀን፣ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ካሜራ ፊት አቆሟት። ቤት ስትገባ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራችው ይህንኑ ነው።

አለነ ያን ፊልም በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት አገኘው። አንድ ነጋዴ ካመጣለት ካርቶን ውስጥ፣ ከታች፣ ሽፋኑ የተቀደደ ዲቪዲ ሆኖ። በማግሥቱ ትክል ድንጋይ ወጥቶ እህቱን ይዟት መጣ። ነጋዴዎቹ ከነበቅሎዎቻቸው ሲያልፉ፣ መንገድ ዳር ከቆሙት ሴቶች አንዷ ዞር ብላ ፈገግ ትላለች። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። አለነ ምስሉን አቆመና፣

"እታለም፣ እሷ ናት?" አለ።

ሸዋአየሁ ምስሉን አየች፤ መልሳ እሱን አየች። ከዚያ "እሷ ናት" አለችው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ምንይችል ይህን ታሪክ ያውቃል። ባለፈው ዓመት ለአጭር ትምህርት ውጭ አገር ደርሶ ሲመለስ ከሻንጣው አንድ ያገለገለ የብሉሬይ ማጫወቻና አንድ ዲስክ አወጣ። ዲስኩ ያው ፊልም ነበር። ባለቤቶቹ ዋናውን የፊልም ጥቅል ከመጋዘን አውጥተው፣ አጽድተው፣ እንደገና አትመውታል። ድሮ በጥቅል ፊልም የተነሣ ምስል ከመጀመሪያውም ጥርት ያለ ነበር፣ የደበዘዘው ዲቪዲው ያን ሁሉ ጥራት መያዝ ስለማይችል ነው ብሎ አስረዳው።

"አያ አለነ፣ ሌላውን ተወው" አለ። "ይህችን አንዷን ብቻ እያት።"

አለነ ዲስኩን ቤቱ ወስዶ ሳምንት ሙሉ አልነካውም። ምን እንደፈራ ለራሱም አልገባውም። እናቱን በጥላዋ ለምዷታል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ መብራት ሲመጣ፣ ተነሥቶ ማጫወቻውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። ሸዋአየሁ ባሏ ከሞተ ወዲህ አብራው ነው የምትኖር። ድካም ተሰምቶኛል፣ ጋደም ልበል ብላ ነበር፤ ለምኖ አስቀመጣት።

መጀመሪያ ያየው ሣሩን ነው። ነፋስ እያንዳንዱን ለየብቻ ያጎነብሰዋል። የበቅሎዎቹ ላብ ይታያል፤ እንስራው ላይ የሠሪዋ ጣቶች የተዉት መስመር ሳይቀር ይቆጠራል። አለነ በደስታ ሳቀ፤ ምንይችል አሸነፈኝ እያለ ነበር። ከዚያ ሴትዮዋ ዞረች። አቆማት።

ሸጋ ፊት ነበር። ጉንጯ ስርጉድ ያለ፣ የፊት ጥርሷ ጫፉ የተሸረፈ፣ ወጣት። ግንባሯ ላይ ምንም የለም። አንገቷ ላይም ማተብ የለም። አለነ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግቶ ተንበረከከ፤ ግንባሯን በጣቱ ዳበሰ።

"እታለም" አለ ፊቱን ሳይመልስ፣ "ንቅሳቷ የት ሄደ?"

ሸዋአየሁ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። "ጥሩ የምትባለዋ ናት" አለች። "የወለቃዋ እንስራ ሠሪ። እናታችን ከእሷ በቀር ከሌላ አትገዛም ነበር።"

"ያን ጊዜም ታውቂ ነበር?"

"በአቋቋሟ አወቅኳት። ግን አንተ ዓይን ዓይኔን እያየህ፣ አይደለችም የምልበትን አፍ ከየት ላምጣው?"

አለነ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። በማግሥቱ ፎቶዋን ከሱቁ አውርዶ መሳቢያ ውስጥ አስገባት። ለእህቱ ጧት ደኅና አደርሽ፣ ማታ ደኅና እደሪ ከማለት በቀር አላወራትም። አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ምንይችል ነገሩን ሲሰማ ምነው ባላመጣሁት ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

አራተኛው ቀን ላይ አለነን አንድ ሐሳብ ያዘው። ይህች ሴት የሌላ ሰው እናት ናት። ልጆቿ የዚያ ዘመን ፎቶዋ ይኖራቸው ይሆን? ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ፊቷን በስልኩ አነሣና ወለቃ ሄደ። የወለቃ ቤተ እስራኤሎች አብዛኞቹ በሰማንያ ሦስት ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ዛሬ መንገድ ዳር ሸክላ የሚሸጡት ሌሎች ናቸው። ከሻጮቹ አንዷ ግን ጥሩ የሚባለውን ስም ታውቃለች፤ የጥሩ የልጅ ልጅ ብሌን ከሁለት ዓመት በፊት መንደሩን ልታይ መጥታ የስልክ ቁጥሯን ትታላት ነበር። ፎቶው እዚያው ቆመው ሳሉ ተላከ።

መልሱ በማግሥቱ መጣ። ብሌን በተሰባበረ አማርኛ፣ አያቷ በሕይወት እንዳለች፣ ፎቶውን አይታ እጇን አፏ ላይ ጭና እንደቀረች ነገረችው። በቤታቸው የወጣትነቷ ፎቶ አንድም አልነበረም። አያቴ ራሷ ልታናግርህ ትፈልጋለች አለች። ስክሪኑ ላይ ፊቷ የተጨማደደ፣ ጉንጯ ግን ዛሬም ስርጉድ ያለ ሴት መጣች። አለነ የማን ልጅ እንደሆነ ነገራት። ጥሩም ፊቱን ልታይ ወደ ስልኩ ተጠጋች።

"እናትህማ ከጎኔ ነበረች" አለች። "ፈረንጆቹ አትሳቁ አሉን፤ እሷ ግን ሳቋን መያዝ አቃታት። ሦስቴ አስቁመው፣ በመጨረሻ ከካሜራው ፊት አወጧት። ያን ጊዜ ዞር ብዬ የምስቀው ለእሷ ነው።"

አለነ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገ።

"አንተም ነበርክ" አለች ጥሩ። "ጀርባዋ ላይ። ስትስቅ አብረህ ትናጥ ነበር።"

አለነ ቤቱ ሲገባ ሸዋአየሁ ደጃፉ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። አጠገቧ ቁጭ አለ፤ የሰማውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ነገራት። እናታችን እንዲህ ሳቂታ ነበረች ወይ ብሎ ጠየቃት። ሸዋአየሁ ሰፌዱን አስቀመጠች። እናታቸው ለቅሶ ቤት እንኳ ሳቅ እንደሚያመልጣት፣ አንድ ጊዜ በዚሁ የተነሣ ቄሱ እንደተቆጧት ተረከችለት። ይህን ነግራው አታውቅም ነበር፤ የሞተን ሰው በቁም ነገሩ ብቻ ማንሳት ይገባል ብላ ስላሰበች። አለነ እየሳቀ ትከሻዋ ላይ ራሱን ጣለ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ምንይችል ፈራ ተባ እያለ መጣ። አለነ ዲቪዲዎቹን ለሁለት እየከፈለ አገኘው። በቪዲዮ ካሜራ የተነሡት እንዳሉ ይቀመጣሉ፤ አዲስ ዲስክ ለእነሱ የሚጨምርላቸው የለም። በጥቅል ፊልም ከተነሡት ደግሞ ሰባት መርጧል፤ የሰው ፊት ያለባቸውን። የቀሩት በዲቪዲ ይበቃሉ አለ፤ ምንይችልም ሰባቱን በወረቀት ጽፎ ኪሱ ከተተ። ከሰባቱ በሁለቱ ላይ ግን አልተስማሙም፤ እስኪመሽ ተከራከሩ።

ጥሩ ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ትደውላለች፤ የምትፈልገውም ሸዋአየሁን ነው። ሁለቱ አሮጊቶች ስለ ጭቃው አፈር፣ ስለ ሞቱትና ስላሉት ሲጨዋወቱ ስልኩ እስኪግል ይቆያሉ። አለነ የሐሙስ ጧት ስልኩን ለእህቱ ትቶላት፣ ባዶ እጁን ወደ ሱቁ ይወርዳል።