እድፍ ያለባት የሰርከስ ፕሮግራም

የድሮ የሰርከስ ፕሮግራሞች እሰበስባለሁ፤ ድንኳኑ በር ላይ ለማስታወሻ የሚሸጡትን ባለሥዕል መጽሔቶች። ባለፈው ቅዳሜ ለአንዷ ብዬ ሮም መሃል ካለው ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ተነስቼ ባሕር ዳር ኦስቲያ ድረስ ሄድኩ። ባለቤቷ ወይዘሮ ሊና አስመራ ያደጉ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ኮክ በቢላዋ እየላጡ ተቀበሉኝ።

ሽፋኗ ላይ በወጣትነታቸው ቢላዋ ሲወረውሩ ይታያሉ። ጥጓ ላይ ግን ቡናማ እድፍ አለ። ሰብሳቢ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እማማ፣ ቡና ፈሶባት ነው?»

«ደም ነው» አሉኝ፣ መላጡን ሳያቆሙ።

እጄን ሰበሰብኩ።

«የባለቤቴ ነው። ስወረውር ሰሌዳው ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው እሱ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። አንድ ቀን አባቱ ከአዲስ አበባ መጡና ትርኢቱ መሃል ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። አሎራ፣ እንግዲህ ከጆሮው በላይ ያነጣጠርኩት ቢላዋ ከእጄ ወጥቷል፤ ይሄ ጨዋ ልጅ ደግሞ ‹ኖር› ብሎ ብድግ አለ። ደሙን የጠረግነው በዚችው ነው።»

ወዲያው በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ዳቦ ይዘው ገቡ። ግራ ጆሯቸው ግማሽ ነው።

እኔም ያደግኩበት ነውና ከወንበሬ ልነሳ ስል፣ ወይዘሮ ሊና ቢላዋቸውን እንደያዙ፣ «አንተ ልጅ፣ አትነሳ» አሉኝ።