ብርቱካን የተባልኩበት ቀን

ልጅ እያለሁ፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ስሜ ብርቱካን ነበር። ያወጣችልኝ እናቴ ናት፤ ያውም ቡሬ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ፊት ቆማ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ትኩሳት ይዞኝ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነበር ከገጠር አዝላኝ የገባችው። መርፌውን አልፈራችም፤ የፈራችው ደሙን ነው። ደም ከነስሙ በማያውቁት ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል ብላ ታምናለች። ስለዚህ ጸሐፊው ስሜን ሲጠይቃት ጥሩወርቅ የሚለውን ዋጥ አድርጋ "ብርቱካን ሙሉ" አለችው። አባቴ ሙሉ አይባልም።

የላብራቶሪው ሰውዬ ጣቴን ወግቶ ደሜን መስታወት ላይ ቀባና ውጡ አለን። እናቴ ግን ከመስኮቱ አልነቀል አለች። ደሜን ሐምራዊ ቀለም ሲያለብሰው፣ ሲያጥበው፣ ሲደርቅ ደግሞ አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ አድርጎበት ማይክሮስኮፕ ላይ ሲያጎነብስ ሁሉንም አየች። "ዘይት! ኧረ በማርያም፣ ደም ዘይት የሚቀባው ለምንድን ነው?" አለችኝ። እኔም ፈራሁ። በትኩሳት ላይ ፍርሃት ሲጨመር አይጣል ነው።

ዛፍ ሥር ሆነን ውጤት ጠበቅን። ሰውዬው በመስኮት ብቅ ብሎ "ብርቱካን ሙሉ!" አለ። ዝም። ደግሞ ጠራ። ዝም። እናቴ እኔን ጭኗ ላይ እንዳስተኛች ቱግ አለች፤ "ምን ዓይነቷ እናት ናት? የታመመች ልጇን ጥላ የት ሄደች?" አጠገባችን የነበሩት ሴቶችም ከንፈራቸውን መጠጡ።

ሰው ሁሉ ውጤቱን እየያዘ ሄደ፤ ግቢው ጭር አለ። እኔ መቃዠት ጀመርኩ። መድኃኒት ቤቱ ሊዘጋ ሲል እናቴ አዝላኝ ላብራቶሪው ውስጥ ዘው አለች። "አንቱ ሰው፣ የልጄን ደም ይመልሱልኝ! ወስደው አስቀሩት!"

"እህቴ፣ እኔ ጋ የቀረው የአንዲት ልጅ ደም ብቻ ነው" አላት ሰውዬው። "ወባዋ በዝቷል፤ ዛሬ መድኃኒት ካልወሰደች እንጃላት። ብጠራ ብጠራ የሚመልስልኝ አጣሁ። ካላመኑኝ ይዩት።"

አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። ከሥር በሚበራው ብርሃን ክብ ክብ ደም፣ አንዳንዱ ውስጥ ትንሽ ሐምራዊ ቀለበት። "አይ የኔ ምስኪን፣ አንጀቴን በላችው። ማን ትባላለች?"

"ብርቱካን ሙሉ።"

እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። "ውይ በሞትኩት! የኔ ናት!"

አሁን ደግሞ መጠርጠር የእሱ ተራ ሆነ። የሌላ ሰው ልጅ መድኃኒት ልትወስድ የመጣች መሰለው። እናቴን ትቶ ወደ እኔ ጎንበስ አለና "ስምሽ ማን ነው?" አለኝ። የእናቴ ጀርባ ሲንቀጠቀጥ ደረቴ ላይ ተሰማኝ። "ብርቱካን" አልኩ። መድኃኒቱን ያገኘነው በዚህ ነው።

ዛሬ እናቴ አርጅታለች፤ የምትደገፈው እኔን ነው። በቀደም ፍኖተ ሰላም ለደም ምርመራ ወሰድኳት። ማይክሮስኮፑ ነጭ ሆኗል፣ ዓይኑም ሁለት ነው፤ ቀለሙና ዘይቱ ግን ያው የድሮው ነው። እናቴም ያቺው ናት። መዝጋቢዋ ልጅ "እማማ፣ ስምዎ ማን ነው?" ስትላት ዞር ብላ አየችኝና "ብርቱካን" አለች።

ላርማት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ እጇን ይዤ፣ ጆሮዬን ቀስሬ ተቀመጥኩ። "ብርቱካን!" ተብሎ ሲጠራ ገና ድምፁ ሳያልቅ "አቤት!" ብዬ ብድግ አልኩ።